አምባሰልን ለማየት ብቻ

የጂኦግራፊ መምህራችን ህንዳዊት ነበረች። ባሏ ሒሳብ ያስተምረናል፣ እሷ ካርታ። ሐይቅ ከተማ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ስለነበር ምስሩንም ሽንኩርቱንም የሚገዙት ከእኛ ነው። ባልየው ዝምተኛ ነው፤ ከትምህርት ቤትና ከቤቱ በስተቀር የትም አይረግጥም። እሷ ግን እንደኔ ናት፤ ቤት አይበቃትም።

የጣጣው ሁሉ መነሻ አንድ የክፍል ጥያቄ ነው። ስለ ደጋ አየር ስታስተምረን ከቦርሳዋ የፖስታ ካርዶች አውጥታ አዞረችልን። የተወለደችበት ከተማ ነው። ተራራ አናት ላይ የተቀመጠች ከተማ፣ መሃሏ ሐይቅ፣ ዙሪያዋን ረጃጅም የጥድ ዘር። እንግሊዞች አገሯን በያዙ ጊዜ የቆላውን ሙቀት ሸሽተው የቆረቆሯት ናት አለችን። ሐይቁ ዳር የአንዲት አምላካቸው ቤተ መቅደስ አለ፤ የመጣ ሁሉ ደወሉን ይደውላል። ጀልባ በኪራይ፣ ፈረስ በኪራይ። ጦጣው ከሰው እጅ ሙዝ ነጥቆ ይሮጣል። በየጉብታው ደግሞ ስም የተጻፈበት ሰሌዳና አግዳሚ ወንበር ተተክሏል፤ ሰው ከሩቅ ከተማ በባቡርና በአውቶቡስ ይመጣና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ያያል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

"ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?" አለ ከኋላ አንዱ።

"ለማየት።"

"ለማየት ብቻ?"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እናንተም ሐይቅ አላችሁ፣ ተራራ አላችሁ፣ እንግዳ ቢመጣ ምኑን ታሳያላችሁ ብላ ጠየቀችን። በመጨረሻ የክፍሉ አለቃ ተነሥቶ "ምንም የለንም፣ ቲቸር" አላት።

ይኼ አንገበገበኝ። ብድግ ብዬ የእኛ ከእናንተ ይበልጣል አልኳት፤ አምባሰል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው እነዚህን ካርዶች ዞር ብሎም አያያቸው።

"አንቺ ቆመሽ አይተሻል?" አለችኝ።

አላየሁም። ከተወለድኩ ጀምሮ አምባሰል በሰሜን በኩል ተገትሮ ያየኛል፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ ከላዩ አላየሁም። አክስቴ ከውጫሌ በላይ፣ ከእግሩ ስር ትኖራለች፤ እሷም አፋፉን ረግጣው አታውቅም። ለምን ትረግጠዋለች? እኛ ዘንድ ሰው ተራራ የሚወጣው ከብት ሲጠፋበት ነው፤ እንጨት ሲያልቅበት፣ ለቅሶ ሲኖርበት፣ ወይ የግሸን ማርያም ስለት ሲኖርበት። ለማየት ብሎ የወጣ ሰው መጠሪያ እንኳ አልተበጀለትም።

አላየሁም ስላት ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እሷ ካርዶቿን ሰብስባ "እንግዲያው አብረን እንየው" አለች፤ በዚሁ ተያያዝነው።

ከቅርቡ ጀመርን። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ገዳም ወረድን። ደጁ ላይ ስንደርስ አንድ መነኩሴ ከዚህ ወዲያ ሴት አታልፍም አሉን። እኔ እስላም ነኝ፣ እሷ በአገሯ እምነት የምትኖር፤ የተከለከልነው ግን በሃይማኖታችን አይደለም፣ በሴትነታችን ነው። መነኩሴው ደግ ሰው ናቸው። ዳቦ ቆርሰው ሰጡን፣ እንዳይከፋን ለመኑን፣ አላስገቡንም እንጂ። መምህሬ ምንም አልመሰላት። እኛም አገር እንዲህ ያለ ቦታ አለ፣ ከውጭ ቆመን እናያለን አለችኝ። እኔ ግን ከውጭ ቆሜ ማየት አልዋጥልሽ አለኝ። ከዳር ታንኳውን የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁና ውኃው ላይ ሴት ተከልክላ እንደሆነ ጠየቅሁት። አሰበ፣ አሰበ፣ አልሰማሁም አለ። እንግዲያው ዙርልን አልኩት። ገዳሙ ያለበትን፣ ወደ ውኃው የገባውን ምላስ መሬት ዙሪያውን አዞረን፤ ዛፎቹን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ፣ ውኃ ሊቀዳ የወረደ ዲያቆን፣ ሁሉንም አየን። ዓሣ አጥማጁ መንገዱን ሙሉ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነበር የሚቀዝፈው። ቢጠየቅ አላየሁም ሊል።

በሌላው ቅዳሜ አርዲቦ ሐይቅ ድረስ በእግራችን ሄድን። አርዲቦ ከሐይቅ ያንሳል፣ ዝም ያለ ነው፤ ጤፉ እስከ ውኃው አፍ ይደርሳል። መምህሬ ዳሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ማዶ ያሉ አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉና ማን ሞተ ብለው ጮኸው ጠየቁን። ሁለት ሴት ያለ ሸክም፣ በሥራ ቀን፣ ይህን ያህል መንገድ ከመጡ ለቅሶ መሆን አለበት። ማንም አልሞተም፣ ልናይ ነው የመጣነው አልኳቸው። ተያዩና ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። አንደኛው ለሌላው ሐዘኑን ገና አልነገሯትም ይሆናል ሲል ሰማሁት።

የቀረው አምባሰል ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ያበቃው።

ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ደሴ ገብቼ መምህርነት ልሠለጥን ነበር ሐሳቤ፤ ከሐይቅ የምወጣበት ሌላ በር አልነበረኝም። ለዚያ ደግሞ ከውጤት ሌላ ቀበሌው ተሳትፎዋ ጥሩ ነው ብሎ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ የግድ ነው። ያለ እሱ ደብዳቤ ሰው ሆነሽ አትቆጠሪም። የቀበሌውን ሊቀመንበር ማስቀየም ማለት ደሴን ማጣት ማለት ነበር፤ ይህን ጠንቅቄ አውቅ ነበር።

ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። የመጀመሪያ ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው፤ ያኔም አንዱን እጅጌ አሳጥሮብኝ ተጣልተናል። ክፉ ሰው አይደለም። የሚፈራ ሰው ነው፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከክፉው ብዙም አይለይም።

ከወረዳው ለመውጣት ይለፍ ያስፈልግ ነበርና ቢሮው ሄድኩ። ለምን ጉዳይ አለኝ። ለማየት አልኩት። ምኑን አለኝ። አምባሰልን።

"አምባሰል ከዚህ አይታይም?"

"ከዚህ የሚታየው ግንባሩ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ የምፈልገው እሱ የሚያየውን ማየት ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ውጫሌ አክስት እንዳለችኝ ያውቃል፤ አክስቴን ልጠይቅ ነው በይና ልጻፍልሽ አለ። አክስቴን ልጠይቅ ስፈልግ አክስቴን ልጠይቅ ብዬ እመጣለሁ አልኩት። አልጻፈልኝም።

ያበገነኝ መከልከሌ አልነበረም። መምህሬ በትምህርት ቤቱ በኩል ይለፏን አውጥታ አሳየችኝ፤ የጉዞው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ለጉብኝት" ተብሎ ተጽፎ ማኅተም አርፎበታል። ከባሕር ማዶ ለመጣች ሴት አገሬን ማየት ምክንያት ነው፤ እዚሁ ለተወለድኩት ለእኔ ግን ምክንያት አይደለም። ወላሂ፣ ያን ወረቀት ባላየው ኖሮ ይቀርብኝ ነበር። ካየሁት በኋላ መቅረት አልቻልኩም።

ያለ ይለፍ አብሬያት ሄድኩ። ኅዳር ማርያም የደረሰችበት ቅዳሜ ስለነበር አውቶቡሱ ወደ ግሸን በሚሄዱ ምእመናን ጢም ብሏል። ከአጠገባችን አንዲት የአምባሰል ገበሬ ሴትዮ ተቀምጣ የመምህሬን ግንባር፣ ቀይዋን ነጥብ፣ ስታይ ስታይ ቆየችና ይህቺ ሴት ምን ሆና ነው ትላለች። ምንም አልሆነችም፣ ተራራ ልታይ ነው የምትሄደው አልኳት። ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች። ስለት በአደባባይ አይወራም፣ ገባኝ፣ አብሽሪ አለችኝ በሹክሹክታ።

ውጫሌ መግቢያ ኬላው ላይ አብዮት ጥበቃው ገባ። መምህሬ ወረቀቷን ሰጠችው። እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ። አፌን ልከፍት ስል ሴትዮዋ ቀደመችኝ።

"የስለት ናቸው፣ ልጄ። እቺ የሰው አገር ሰው መካን ናት። ልጅቱ አፏ ናት፣ ያለ እሷ አማርኛ አትሰማም። ለማህፀን የሚለመነውን ምን ብላ ትለምን?"

ጥበቃው መምህሬን በአዘኔታ አያትና ወረደ። ውሸት ነው ልል ስነሣ ሴትዮዋ ጭኔን መዠለገችኝ፤ ምልክቱ ሁለት ቀን አልጠፋም። መምህሬ ምን እንደተባለ ስነግራት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ እዚያው ተራራማ ከተማዋ አዳሪ ትምህርት ቤት ናቸው። ይህንንም ለሴትዮዋ ነገርኳት።

"ካሏትማ ምን ፍለጋ መጣች?" አለችኝ። ከዚያ እሷው መልሱን አገኘችው፤ ሴት ልጅ ፍለጋ ነዋ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አክስቴ ደጅ ደረሰ። አክስቴ አምስት ወቅት ሰጋጅ ናት፤ ማርያም ላይ ግን ጥርጥር የላትም። ማታውን ጎረቤቶቿን ሰብስባ ለመምህሬ ማህፀን ዱአ አስደረገች። እኔ ደጋግሜ ልናይ ነው የመጣነው እላለሁ፤ እነሱ ደጋግመው አሚን ይላሉ። ጠዋት ስንነሣ አንዷ ጧፍ፣ አንዷ ዕጣን፣ አክስቴም አንድ ጠርሙስ ማር ለግሸን ብለው አሸከሙን። ግሸን አንሄድም አልኩ። መምህሬ ግን ከእጃቸው ተቀበለች። እኛም አገር ወደ አምላካችን ለሚወጣ መንገደኛ እንዲህ ይላካል፣ እንቢ አይባልም አለችኝ። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ወደ ግሸን ለሚሄዱ አንድ ቄስ አስረከብናቸውና እኛ ወደ አፋፉ ታጠፍን።

አቀበቱ ልብ ያፈርሳል። መምህሬ ሳሪዋን ከፍ አድርጋ በወገቧ ሸጉጣ ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ እኔ የአገሩ ሰው ከኋላዋ አለከልካለሁ። ወይራው አለቀ፣ የደጋው ቁጥቋጦ አስታው ጀመረ፣ ነፋሱ ሌላ ሆነ። ከዚያ በድንገት መሬት አለቀች።

እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ነበር። በምሥራቅ አገሩ እንደ ደረጃ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ የአፋር ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። በደቡብ ሐይቃችን ይታያል፤ ያ ስንዋኝበት ማዶው የማይደረስበት ውኃ የተጣለ የመስተዋት ስባሪ አክሏል። የእኛ ከተማ ከአጠገቡ ትንሽ ብልጭታ ናት፣ የቆርቆሮዋ። ከምዕራብ የግሸን ትከሻ ብቻ ይታያል። ከታች ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ ክር ነው፤ ክሩ ላይ የወታደር መኪና ሰልፍ እንደ ጉንዳን ይጎተታል። ጭላዳዎች ገደሉ አፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሣር ይነጫሉ። መምህሬ የእኛዎቹ ሌቦች ናቸው፣ እነዚህ ኩሩ ናቸው አለች። ከሩቅ አውድማ የሚያበራዩ ሰዎች ዜማ በነፋስ ይመጣል፣ ይቋረጣል። መምህሬ ራዲዮ ላይ አምባሰል ሲባል ቅኝት እንደሆነ ሰምታ ስለነበር ዘፈኑ ነው በተራራው የተሰየመው ወይስ ተራራው በዘፈኑ ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም። ተራራው ይቀድማል ብዬ ገመትኩ።

"እዚህ አግዳሚ የለም" አለች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ።

"ይተከል?"

"አይተከል። እኛ ዘንድ ሰሌዳው እዚህ ቁም ይላል፣ ሰው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ልጅ ሆኜ ከሰሌዳው ወዲያ አንድ ክንድ ርቄ ቆሜ አላውቅም።"

ታዲያ የማን ይበልጣል አልኳት። ቀና ብላ ዙሪያውን አየችና የእኔ አለች፣ እዚያ ስለተወለድኩ። ቁልቁለቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ወረድን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተጨቃጭቄ አላውቅም።

ያ ቀን እሑድ ነበር። እሑድ የቀበሌው የእርከን ሥራ ነው፤ ቀርቻለሁ። ኬላው ላይ ያየኝ ሰው ነበርና ወሬው ሐይቅ ገባ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሂስና ግለሂስ ተጠራሁ።

ከስብሰባው በፊት ሊቀመንበሩ አባቴ ሱቅ መጥቶ በሩን ገርበብ አደረገ። እየተቆጣ ሳይሆን እየለመነ ነበር የሚናገረው። ስለት እንደሄድሽ ሰምቻለሁ፣ እሱኑ በይ አለኝ። ስለት ካልሽ ኋላቀር ልማድ ነው፤ እንተችሻለን፣ እናስተምርሻለን፣ ያልቃል፣ ደብዳቤሽን ጽፌ እሰጥሻለሁ። ለማየት ካልሽ ግን ማን ላካት፣ የወታደር መንገድ ለማን ልታይ ነው የሚል ይመጣል፤ ያኔ እኔም አልተርፍ።

"ስለት የለብኝም" አልኩት።

አባቴ ከሚዛኑ ጀርባ ሆኖ "ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት እኮ" አለ። ውሸት በይ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ስኳር ላይ እንኳ በልኩ የሚመዝን ሰው ነው። አንዲት ከሆነች ለምን የእኔዋን አይቀበሏትም አልኩት። በፍርሃት ወደ በሩ አየና የሚዛኑን ድንጋዮች መደርደር ጀመረ። ያን ሌሊት እናቴ አልተኛችም፣ እኔም አልተኛሁም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ቆሞ፣ ጓዲት፣ ያለ ይለፍ ከወረዳው ወጥተሻል፣ የልማት ሥራ ቀርተሻል፣ ምክንያትሽን ለሰፊው ሕዝብ አስረጂ አለ። ዓይኑ ስለት በይ ይለኛል።

"ለማየት ነው የሄድኩት።"

"ምን አየሽ?" አለ ከፊት ከተቀመጡት ከወረዳ የመጣ አንድ ካድሬ።

እሱ ሊያጠምደኝ ነው የጠየቀው፤ እኔ ግን ጠየቀኝና ነገርኩት። የአፋሩን ጭጋግ፣ ጭላዳውን፣ አስታውን፣ መሬት የምታልቅበትን ቦታ። ሐይቃችን ምን ያህል እንደምታንስ። መንገዱንም አየሁ አልኩ፤ አዳራሹ ቀዘቀዘ። መንገዱ ካለ ይታያል፣ የምደብቅበት ምክንያት የለኝም አልኩና ቀጠልኩ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ የእኛ ሰፈር ይታያል ወይ አለች። ቆርቆሮው ያበራል አልኳት። የማን ቆርቆሮ አለች ሌላዋ። ሳቅ ሆነ። የሌላ ሰው ጥያቄ መጣ፣ ከዚያ የሌላ፤ ካድሬው ጠረጴዛውን እስኪመታ ድረስ።

ሊቀመንበሩ ላቡን ጠርጎ "ተሳስቻለሁ በይና ይብቃ" አለኝ።

"እርከኑን ቀርቻለሁ፤ ለእሱ ቅጡኝ። አገሬን በማየቴ ግን አልተሳሳትኩም።"

ተወሰነብኝ። ደብዳቤው እስክታረም ድረስ አይጻፍም፤ እስከ ክረምት ደግሞ በየእሑዱ ብቻ ሳይሆን ቅዳሜንም ጨምሬ ድንጋይ እሸከማለሁ። ካድሬው ሌላም ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ ህንዳዊቷን መንካት የትምህርት ሚኒስቴርን መንካት ስለሆነ ተወው ተባለ።

የእርከኑ ተራ ላይ የሚያናግረኝ ይጠፋል ብዬ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሴቶቹ ድንጋይ ሲያቀብሉኝ ቀስ ብለው ይጠይቁኛል፤ አቀበቱ ለአሮጊት ይሆናል ወይ፣ ውኃ ይገኛል ወይ፣ ኬላው ላይ ምን ይባላል። እነግራቸዋለሁ።

በጥር፣ አስተርዮ ማርያም ስትቃረብ፣ ከእነዚያው ሴቶች አምስቱ ተሰብስበው ሊቀመንበሩ ቢሮ ገቡ፤ እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። ሦስቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ እስላም። ይለፍ ጠየቁ። ለምን ጉዳይ አላቸው።

"ለማየት" አለች ትልቋ።

ሁሉም ስለት ነበረባቸው። ሁሉም። ነጠላቸው ስር የያዙት ዕጣን ከሩቅ ይሸታል። ስለት ቢሉ ኋላቀር ተብለው ይቀራሉ፤ ስለዚህ የእኔን ቃል ተበደሩኝ። እኔ ደብዳቤዬን የከፈልኩባትን እውነት እነሱ ውሸት አድርገው ይዘዋት መጡ። መናደድ ሲገባኝ ሳቄ አፈነኝ። ማታ ለመምህሬ ስነግራት እሷም እስክታነባ ሳቀች።

ሊቀመንበሩ እኔን ያየኛል። ምን አድርገሻቸው ነው የሚል ይመስላል። ለማየት አይባልም አላቸው። ታዲያ ለዚያች ለህንዷ ምን ተብሎ ነው የተጻፈላት አለች ትልቋ፤ ይህንንም ከእኔ ነው የሰማችው። ልብስ ሰፊው ብዕሩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ አነሣ። አምስት ሴት ከአንዲት ልጃገረድ ይበዛል፤ ያውም ከእነሱ አንዷ እኅቱ ናት። "ለጉብኝት" ብሎ ጻፈ።

"እቺስ?" አለች ትልቋ ወደ እኔ እያመለከተች። "መንገዱን ማን ሊያሳየን ነው?"

ቅጣት ላይ ናት አለ። ሴቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ስሜን ከስማቸው ስር ጨመረውና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ።

"የድጋፉስ ደብዳቤ?" አልኩት።

"ተሳስቻለሁ ያልሽ ዕለት።"

"እንግዲያው ይለፉ ይበቃኛል" አልኩና ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወጣሁ።